ወረትና ታማኝነት በእግር ኳስ ደጋፊ ዘንድ
(በአሶሳ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




ለዓመታዊው መጽሔታችን የሚሆን ንግግር እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ የርእሱ ምርጫ ለእኔ ተትቶልኝ ነበር። ብዙዎቻችሁ ስለ ድልድይ ግንባታ፣ ስለ መንገድ ጥገና ወይም ስለ ኮንክሪት ጥራት እንድናገር እንደምትጠብቁ እገምታለሁ። እኔ ግን የመረጥሁት ስለ ኳስ ደጋፊ ለመናገር ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች አሉኝ። አንደኛው፣ በአሶሳ ከተማ እሑድ ማታ ከማናቸውም ጉዳይ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያነጋግረው ይኸው በመሆኑ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ፣ ሰው አንድን ነገር ለምን እንደሚወድ፣ ፍቅሩም በምን እንደሚጸና መመርመር በሙያችን ላለነው ሰዎች የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ ቡድን ስመ ጥር ተጫዋች ባስፈረመ ማግስት እየጎረፈ የሚመጣው ሰው ደጋፊ ሊባል ይገባዋልን? የቆየው ደጋፊ «እስከ ዛሬ የት ነበርህ?» ብሎ ቢገፋው መብቱ ነውን? ቡድኑስ ይህን ሰው ምን ያድርገው?

ቋንቋችን ለዚህ ዓይነቱ ሰው ስም አላጣለትም፤ «ወረተኛ» ይለዋል። ወረት ማለት አዲስ ነገር በታየ ጊዜ የሚነሣ፣ አዲስነቱ ባለፈ ጊዜ ግን አብሮ የሚያልፍ ፍቅር ነው። «የወረት ውሻ ስሟ ወለተ ጴጥሮስ» የሚለው ተረትም ለውሻ የክርስትና ስም እስከ ማውጣት የሚያደርስ ፍቅር፣ ነገ የት እንደሚገኝ እንደማይታወቅ የሚያስገነዝብ ነው። ከጣልያንኛ ወስደን የራሳችን ያደረግነው «ቲፎዞ» የሚለው ቃል ደግሞ መነሻው ታይፈስ ከተባለው የትኩሳት በሽታ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ትኩሳት ይወጣል፣ ይወርዳል። እንግዲህ ከሁለቱም ስሞች እንደምንረዳው፣ የደጋፊ ፍቅር ተለዋዋጭነት ከጥንትም የታወቀ ነገር ነው።

በዘመናችን ይህን ተለዋዋጭነት ያባባሰው የተጫዋቾች ነፃነት ነው። በቀድሞው ጊዜ ተጫዋች ለቡድኑ እንደ ንብረት ይቆጠር ነበር። በአሜሪካ የቤዝቦል ጨዋታ የውሉ ዘመን ያለቀ ተጫዋች እንኳ ያለ ቡድኑ ፈቃድ ወደ ሌላ ለመሄድ አይችልም ነበር፤ ይህ አሠራር የተሰበረው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1975 በተሰጠ የግልግል ውሳኔ ነው። በአውሮፓ እግር ኳስም ዣን ማርክ ቦስማን የተባለው የቤልጅግ ተጫዋች ባነሣው ክስ ላይ የአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 1995 በሰጠው ፍርድ፣ ውሉን የፈጸመ ተጫዋች ያለ ማዘዋወሪያ ክፍያ ወደ ፈለገበት እንዲሄድ ተፈቀደ። ፍርዱ ትክክለኛ መሆኑን የሚጠራጠር የለም፤ ሠራተኛ የገዛ ጉልበቱ ባለቤት ነውና። ይሁን እንጂ ለደጋፊው አዲስ ጥያቄ አመጣበት። ሰዎቹ በየጊዜው የሚለዋወጡ ከሆነ የሚወደው ማንን ነው? ማልያውን ነው ወይስ ማልያውን የለበሰውን?

ለዚህ ጥያቄ የውጭው ዓለም በቅርብ ዓመታት ሦስት መልሶች ሰጥቶናል።

የመጀመሪያው የሚያሚ ነው። ሊዮኔል ሜሲ ውሉን ጨርሶ በነፃ ዝውውር እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ወደ ኢንተር ሚያሚ በሄደ ጊዜ፣ ቡድኑ በምድቡ የመጨረሻውን ቦታ ይዞ ነበር። በማኅበራዊ መገናኛ የሚከተሉት ሰዎች ቁጥር ከ1 ሚሊዮን አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን አለፈ። እነዚህ ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ የሚያሚ ከተማ ወዳጆች ሆኑ ለማለት አይቻልም፤ የመጡት ሰውየውን ተከትለው ነው።

ሁለተኛው የማንቸስተር ዩናይትድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020/21 የውድድር ዘመን ቡድኑ በ74 ነጥብ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። በተከታዩ ዓመት ክርስቲያኖ ሮናልዶ ተመለሰለት፤ የደጋፊውም ደስታ ወሰን አልነበረውም። ሮናልዶ በሊጉ 18 ግቦች አስቆጠረ፤ ቡድኑ ግን በ58 ነጥብ ስድስተኛ ሆነ። በእኛ ሙያ አነጋገር አንድ ወፍራም ምሰሶ መጨመር ብቻውን ሕንፃን አያጠነክርም። ጭነቱ ከአካል ወደ አካል የሚተላለፍበት መንገድ ካልተስተካከለ አዲሱ ምሰሶ ለብቻው ቆሞ ይቀራል።

ሦስተኛው የፓሪስ ነው። ፓሪስ ሴን ዠርማን እ.ኤ.አ. በ2021 ሜሲን ከኔይማርና ከምባፔ ጋር አሰለፈ፤ የአውሮፓን የሻምፒዮኖች ዋንጫ ግን አላገኘም። ሜሲና ኔይማር በ2023፣ ምባፔም በ2024 ከሄዱ በኋላ፣ ሜይ 31 ቀን 2025 በሙኒክ ከተማ ኢንተር ሚላንን 5 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሦስቱን ኮከቦች ተከትለው የመጡት፣ ኮከቦቹ ሲሄዱ አብረው ከሄዱ፣ የደስታው ቀን በደረሰ ጊዜ አልነበሩም ማለት ነው። ወረተኛን ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ይህ ይመስለኛል። የሚጠፋበት ገንዘብ ወይም ክብር አይደለም፤ ጠብቆ የማግኘትን ደስታ አያውቀውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ጥቂት ይወሳሰባል። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን 29 ግቦች አስቆጥሮ፣ ጌታነህ ከበደ በ25 ግቦች ይዞት የነበረውን የፕሪሚየር ሊግ ክብረ ወሰን አሻሻለ። በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ በተዛወረ ጊዜ፣ ስለ ቡድኑ ከዚያ በፊት ምንም ያልሰማ ሰው ውጤቱን መጠየቅ ጀመረ። ልጁ በጉዳት ምክንያት ከሜዳ ሲርቅ ጠያቂውም አነሰ። ይህን ሕዝብ ወረተኛ ብሎ መክሰስ ግን ተገቢ አይመስለኝም። መጀመሪያውኑ ታማኝነቱ ለአገሩ ልጅ እንጂ ለፕሪቶሪያው ቡድን አልነበረም። የታማኝነትን ጉዳይ ስንመዝን አስቀድመን ሰውየው የታመነው ለማን እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ደጋፊን በሦስት መክፈል ይቻላል። አንዱ ሰውን ይከተላል፣ ሁለተኛው ድልን ይከተላል፣ ሦስተኛው ቦታንና ስምን ይከተላል። ድልን ለሚከተለው የጅማ አባ ጅፋር ታሪክ ምሳሌ ይሆናል። ይህ ቡድን ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ሻምፒዮን ሆነ። ናይጄሪያዊው አጥቂ ኦኪኪ አፎላቢም 23 ግቦች አስቆጥሮ የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ ከዚያም ወደ ግብፅ ሄደ። ቡድኑ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከሊጉ ወረደ። ከሻምፒዮንነት እስከ መውረድ የነበረው ጊዜ አራት ዓመት ብቻ ነው። ድልን ብቻ ተከትሎ የመጣ ሰው በእነዚህ አራት ዓመታት ውስጥ የሚቆምበት ቦታ አጣ።

ቦታንና ስምን የሚከተለውን ደጋፊ ለማየት ግን የቡናንና የቅዱስ ጊዮርጊስን መቀመጫዎች መመልከት ይበቃል። በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተው ኢትዮጵያ ቡና፣ ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ዋንጫውን ያነሣው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2003 ዓ.ም. ነው። በአንጻሩ በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መድን ሻምፒዮኖች ሆነዋል። ሁለቱም ሥራቸው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን በጭፈራና በደጋፊ ብዛት ከቡና ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም። ቅዱስ ጊዮርጊስም በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ከተመሠረተ በኋላ፣ በጠላት ወረራ ዘመን ስሙ በግድ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተብሎ ተለውጦ ነበር። ስሙ ቢለወጥም ሰፈሩ ቡድኑን አልተወውም። ዋንጫ ደጋፊን ያመጣል፤ ደጋፊን የሚያቆየው ግን ዋንጫ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ አሶሳ እመጣለሁ። በዲኤስቲቪ ቤቶቻችን እሑድ ማታ የሚሰበሰበው ወጣት ከሚደግፋቸው ቡድኖች አንዱ አርሰናል ነው። ይህ ቡድን የእንግሊዝን ሊግ ያለ አንዳች ሽንፈት ያሸነፈው እ.ኤ.አ. በ2004 ነበር። ካኑና ኦንሪ በሚጫወቱበት በዚያ ዘመን በአገራችን ብዙ ልጆች ቀዩን ማልያ ወደዱ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ሁሉም ወረተኞች ነበሩ፤ የወደዱት አሸናፊውን ነበርና። ከዚያ በኋላ እስከ 2025 ድረስ 21 ዓመታት ቡድኑ የሊጉን ዋንጫ አላገኘም፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታትም በተከታታይ ሁለተኛ ሆኖ ቀረ። ያኔ በወረት የገባው ልጅ ግን ዛሬ የልጆች አባት ሆኖ፣ እየተቀለደበትም ቢሆን፣ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ለንደንን አላየም፤ የቡድኑ ባለቤቶችም አያውቁትም። ከዚህ የበለጠ ታማኝነት ከየት ይገኛል?

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ዋና ነጥብ ከዚህ ላይ ነው። ወረት የታማኝነት ጠላት አይደለም፤ መግቢያ በሩ ነው። ታማኝ የምንላቸው ደጋፊዎች አብዛኞቹ የገቡት በዚሁ በር ነው። አንዱን አባቱ እጁን ይዞ አስገባው፤ ሌላውን አንድ ኮከብ ተጫዋች ጠራው፤ ሌላው ሕዝቡ ሲሮጥ አይቶ አብሮ ሮጠ። በሩ አያሳፍርም። መጠየቅ ያለብን በበሩ የገባው ሰው የሚቀመጥበት ቤት ተሠርቶለታል ወይ የሚለውን ነው።

በዚህ ክልል ለሚሠራ መሐንዲስ ይህን ለማስረዳት ከዓባይ የተሻለ ምሳሌ የለም። ዓባይ ከዓመቱ ውኃ አብዛኛውን የሚያወርደው በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም ነው። በበጋ ያንኑ ወንዝ ያየ ሰው የክረምቱን ኃይል ሊገምት አይችልም። ይሁንና ክረምት ላይ ስለበዛ፣ በጋ ላይ ስለቀነሰ ወንዝን የሚሰድብ መሐንዲስ አላየሁም። በጉባ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሥራው ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተሠራው ለዚሁ ነው። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው ሐይቅ ነሐሴ ላይ የመጣውን ተቀብሎ ለመጋቢትና ለሚያዝያ ያቆየዋል። አዲስ ተጫዋች በመፈረሙ የሚመጣ ሕዝብም የክረምት ጎርፍ ነው። ግድብ ያለው ቡድን ያጠራቅመዋል፤ ግድብ የሌለው ጎርፉ ሲያልፍ ቆሞ ያያል፤ በጋ ሲመጣም «ሕዝቡ ከዳን» እያለ ያማርራል።

በአገራችን ያሉ አብዛኞቹ ቡድኖች የሚተዳደሩት በመሥሪያ ቤት ወይም በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። በጀት የሚሰጠው አካል ፈጣን ውጤት ይፈልጋል፤ ለፈጣን ውጤት ደግሞ የሚታየው መንገድ ተጫዋች መግዛት ነው። ፉክክሩ ከመጠን በማለፉ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ እስከ ማውጣት ተደርሷል። ለፊርማና ለደመወዝ የሚወጣውን ገንዘብ የሚቃወም ሐሳብ የለኝም። ነገር ግን ያ ገንዘብ ሁሉ የሚወጣው ጎርፉን ለመጥራት ነው፤ ግድቡን ለመሥራት የሚመደበው ምን ያህል ነው?

ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ወጥቶ በፕሪሚየር ሊጉ የተጫወተ ቡድን እስከ ዛሬ የለም። ይህ እንደ ድህነት ሊታይ ይችላል፤ እኔ ግን እንደ ባዶ መሬት አየዋለሁ። የተበላሸ መሠረት ከማፍረስ በባዶ መሬት ላይ አስተካክሎ መጀመር እንደሚቀል ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ቀን ከክልላችን አንድ ቡድን ወደ ላይኛው ሊግ ቢያድግ፣ አንድ ስመ ጥር ተጫዋችም ቢያስፈርም፣ በማግስቱ ከተማው በሙሉ ደጋፊ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ያን ቀን ከመምጣቱ በፊት ልንሠራቸው የሚገቡ አራት ነገሮች ይታዩኛል።

አንደኛው፣ የተወሰነ ሜዳና የተወሰነ ቀን ነው። ሰው ልማዱን የሚወድ ፍጥረት ነው። ጨዋታው ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ፣ ከነገ ወዲያ ተሰርዞ ከሆነ የተነሣሣው ሰው እንኳ ይሰለቻል። የውጭውን ሊግ ተመልካች የሚያጸናው ከጨዋታው ውበት ጋር የሰዓቱ አለመዛነፍም ነው።

ሁለተኛው፣ የአካባቢው ልጅ ነው። ከውጭ ከሚመጣው ኮከብ አጠገብ ከሆሞሻ፣ ከመንጌ፣ ከባምባሲ፣ ከኩርሙክ ወይም ከሸርቆሌ የመጣ ልጅ ሊሰለፍ ይገባል። ዓባይ ክልላችንን ለሁለት ስለሚከፍለው የመተከል ልጅ ወደ አሶሳ ለመድረስ ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ ቢሆንም ከዚያም መምጣት አለበት። ኮከቡ ውሉን ጨርሶ ሲሄድ እናቱ፣ አጎቱና የሰፈሩ ሰው ሜዳው ዳር የሚቀሩለት እርሱ ነው።

ሦስተኛው፣ መዋጮና ግልጽ ሒሳብ ነው። መዋጮው ትንሽ ቢሆን አያሳፍርም፤ ሰው ገንዘቡን ያዋጣበትን ነገር በቀላሉ አይተወውም። ለግድቡ ከደመወዛቸው እየቆረጡ 14 ዓመታት ያዋጡት ሠራተኞች ፍጻሜውን የራሳቸው አድርገው ያዩት ስላዋጡ ነው። የተዋጣው ገንዘብ ሒሳብ ግን በየዓመቱ ለአባላቱ መነበብ አለበት።

አራተኛው፣ መዝገብ ነው። ማን እንደ ተጫወተ፣ ማን ግብ እንዳገባ፣ በስንት እንደ ተረታን የሚጻፍበት ደብተር ያስፈልጋል። የቡና ወይም የጊዮርጊስ ደጋፊ የሠላሳ ዓመት ታሪክ ቁጭ ብሎ ያወራል። የእኛ ልጅ የማንቸስተርን አሰላለፍ በቃሉ የሚወጣው፣ የገዛ ከተማውን ቡድን ግን የማያውቀው፣ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የኛን የጻፈለት ስለሌለ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «የቦታ ፍቅር ወደ ጠብ ይመራል፤ ከዚህ ይልቅ የሩቁ አገር ቡድን ይሻላል» የሚል ሰው አለ። አባባሉ በከንቱ የሚጣል አይደለም። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ከተሞቻችን ጨዋታዎች የብሔር መልክ በያዘ ሁከት ታውከዋል። ክልላችንም በ2012 ዓ.ም. እና ከዚያ በተከተሉት ዓመታት በመተከልና በካማሺ በደረሰው ጥፋት የብዙ ሰው ሕይወት አጥቷል። በዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ግን በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው፣ አማራውና ኦሮሞው አንድ ዓይነት ማልያ ለብሰው፣ በአንድ ግብ አብረው ሲዘሉ እናያለን። ይህን ዋጋ ማቃለል አይገባም።

ይሁን እንጂ መፍትሔው የቅርቡን መተው አይመስለኝም። የቦታ ፍቅር ጠብ የሚሆነው ቦታው የአንድ ወገን ብቻ ነው የተባለ እንደ ሆነ ነው። የሁሉም ልጅ የተሰለፈበት፣ የሁሉም መዋጮ ያለበት፣ ትናንት የመጣውንም ሰው «የት ነበርህ?» ሳይል የሚቀበል ቡድን ለጠብ አይመችም። ወረተኛን በደግነት መቀበልና ጎረቤትን በደግነት መቀበል አንድ ዓይነት ጠባይ ናቸው፤ አንዱን የተለማመደ ሌላው አያስቸግረውም።

የተከበራችሁ አባላት፣

የተናገርሁት ስለ ኳስ ቢሆንም ነገሩ የሚመለከተን በሌላም በኩል ነው። በዚህ ክልል አንድ ትልቅ ፕሮጀክት በተጀመረ ቁጥር ባለሙያ ይጎርፋል። ማረፊያ ቤቶች ይሞላሉ፣ የቀያሹ፣ የግንበኛውና የመካኒኩ ስም ይታወቃል። ፕሮጀክቱ ሲፈጸም አብዛኛው ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ የተሠራውን መንገድ፣ የተተከለውን ፓምፕ የሚጠብቅ እጅ ግን ያንሳል። የሄደውን ወረተኛ ብሎ መንቀፍ ቀላል ነው። ውሉን የጨረሰ ባለሙያ ግን ከዣን ማርክ ቦስማን ያነሰ መብት የለውም። እኛ ልንጠይቅ የሚገባን እንዲቀር የሚያደርገው ምን አዘጋጅተንለት ነበር የሚለውን ነው። በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩትን የአካባቢው ወጣቶች ከሥራችን ጋር ካላገናኘናቸው፣ የሠራነውን በመዝገብ ካላቆየን፣ በተወሰነ ቀን ተሰብስበን ካልተወያየን፣ ማኅበራችንም ሥልጠና ሲኖር የሚሞላ፣ ሥልጠናው ሲያልቅ የሚራቆት አዳራሽ ሆኖ ይቀራል።

ዛሬ ከመካከላችን ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡ ወጣት ባልደረቦች እንዳሉ አያለሁ። ምን እንደ ጠራቸው አልጠይቅም። ግብዣውም ይሁን የጓደኛ ጉትጎታ በሩ መልካም ነው። የከርሞው ስብሰባ ሲደረግ እዚሁ እንድናገኛቸው ማድረግ ግን የኛ የነባሮቹ ሥራ ነው።